ምራቂ ያልናት ከረጢት

ባለፈው ክረምት ሶዶ ውስጥ ዝናብ አባረረኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። የእርሻ ዕቃና ዘር የሚሸጥበት ሱቅ ነው። ባለቤቱ ከኋላዬ አንድ ካርቶን በቢላዋ ቀድዶ ከፈተ፤ ሽታው ወጣ። ዘር እንዳይነቅዝ የሚለወስበት የቀይ መድኃኒት ሽታ። መጀመሪያ ጣፈጥ ይልና ከዚያ ጉሮሮ ላይ ቁጭ ብሎ አልወርድም ይላል። ዝናቡ ጭራሽ ብሶበት ነበር፤ እኔ ግን ወጣሁ። ጫማዬም ፀጉሬም በሰበሰ፤ በረንዳው ላይ የቀሩት ሰዎች አብዳለች ሳይሉኝ አልቀሩም። አላበድኩም። ተናድጄ ነው። ያ ሽታ በመጣ ቁጥር እናደዳለሁ፤ ይለፍልኝ ብዬም ጸልዬ አላውቅም።

ያ ሽታ መጀመሪያ ቤታችን የገባ ዓመት አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እናቴ ቢጠና ከተማ ውስጥ ስድስተኛ ልጇን ስትወልድ ቤታችን ጠበበና፣ ከዲምቱ ወረድ ብሎ ቆላው ውስጥ ለምትኖረው ለአባቴ እኅት ተሰጠሁ። አክስቴ ዘነበች ባሏ ሞቶባታል፤ ልጆቿ ሥራ ፍለጋ ተበትነውባታል። አጭር ሴት ናት፤ እጇ ግን የትልቅ ሰው እጅ ነው። ጥጥ ስትለቅም የኖረች በመሆኗ የጣቶቿ ጫፍ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ፀጉሬን ስትነካኝ ጣቷ ይይዘኝ ነበር።

የሰፈሩ የጥጥ ዘር ያለው እሷ ዘንድ ነበር። ጥጡን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ታደርግና በብረት ዘንግ ትዳምጠዋለች፤ ፍሬው ጣ ጣ እያለ ይፈናጠራል፤ እኔ ከየጥጋጥጉ እለቅማለሁ። ደህና ደህናውን መርጣ ቅል ውስጥ ታስገባና ጭስ እንዲያገኘው ከምድጃው በላይ ትሰቅለዋለች። ሚያዝያ ላይ ሴቶቹ የነጠላቸውን ጫፍ ዘርግተው ይመጣሉ። በሁለት እጇ አፍሳ ትሰጣቸዋለች። አይሸጥም፤ አይመዘንም። ጥጡ ሲደርስ ከየራሳቸው ማሳ የተሻለውን መርጠው በዚያው ልክ ይመልሱላታል። እሷም ከዚያ ላይ ጨብጣ ዓይኗን ትጨፍንና፣ «ይሄ የማርቆስ እናት ማሳ ነው፤ ከወንዙ ወዲያ» ትላለች። አንድም ቀን ስትስት አላየሁም።

እኔ እንግዲህ ሰው ሁሉ እየተሰለፈ የሚመጣው ወደ እሷና ወደ ቀበሌ ብቻ መሆኑን አይቼ፣ አክስቴ መንግሥት ናት ብዬ ደመደምኩ። ለክፍል ጓደኞቼም ተናገርኩ። ባለ ማኅተም ባትሆንም የሆነች ትንሽ መንግሥት ናት አልኳቸው። አልተሳሳትኩም ይሆናል።

አንድ ሌላ ነገር ልናገር፤ ያለ እሱ የሚመጣው አይገባም። ትምህርት ቤት የምንማረው በወላይትኛ ነው። አማርኛ እንደ አንድ ትምህርት ብቻ ይሰጠናል። እኔ አማርኛ በማንበብ ከክፍሉ አንደኛ ነበርኩ። ፊደሉን ከሀ እስከ ፐ እንደ ውኃ እጠጣዋለሁ፤ ምንባብ ሲሰጠኝ አንዴ ሳልደናቀፍ ከላይ እስከ ታች እወርደዋለሁ። መምህሩ ያስጨበጭብልኛል። ያነበብኩት ምን ማለት እንደሆነ ግን ግማሹ አይገባኝም። ማንም ጠይቆኝ ስለማያውቅ እኔም ማንበብ ማለት ያ ይመስለኝ ነበር።

መጋቢት ላይ ቀበሌ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አንድ ለአምስት የተደራጀው ሁሉ እንዳይቀር ተባለ። ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፊት ቆመ፤ የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ከጎኑ ቆሞ ወደ ወላይትኛ ይመልሳል። አዲስ የጥጥ ዘር መጣ፤ ይህ ዘር ጓይ ትልን ራሱ ይገድላል፤ እናንተ አትረጩም፣ አትለቅሙም፤ ተፈጥሮው ውስጥ ሌላ ነገር ገብቶበታል አለ። ጓይ ትል የጥጡን ቋጠሮ ከውስጥ ቦርቡሮ የሚጨርስ የሰፈራችን ጠላት ነውና ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ።

እኔ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ ነበር። ጥጡ አፍ ኖሮት ትሉን ሲያኝክ ታየኝ። ለብዙ ቀን በአዲሱ ማሳ ዳር ሳልፍ ቀሚሴን ሰብስቤ እሮጥ ነበር።

«ትሉን የሚገድል ከሆነ ከብቱንስ?» አለች የማርቆስ እናት። ጎረቤታችን ናት፤ ቀጥ ያለች፣ የልቧን የምትናገር ሴት።

ባለሙያው ሥራ አስኪያጁ እስኪመልስለት ሳይጠብቅ ሳቀ። ከዚያ አክስቴ ተነሣች። ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ይላል።

«ፍሬውን ለከርሞ ማስቀመጥ ይቻላል?»

ይሄኛው ተተረጎመለት። «ለምን ትደክማላችሁ?» አለ ባለሙያው። «በየዓመቱ አዲስ እናመጣላችኋለን።»

ተጨበጨበ። አክስቴ አላጨበጨበችም። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ «እኔ ደከመኝ ያልኩት መቼ ነው?» አለችኝ፤ እኔ እንደማውቅ ሁሉ።

አዲሱን ዘር የሚወስድ አሮጌውን እንዳይዝ ተባለ፤ እንዳይዳቀል። የማይወስድ ደግሞ ማዳበሪያም አያገኝም። ከየጓሮው አሮጌው ጥጥ ተነቀለ፤ ቤት ያለው ዘር ወደ ቀበሌ መጋዘን ገባ። አክስቴ ቅሉን ከነማንጠልጠያው አውርዳ ተሸክማ ሄደች። ሌሎቹ ትንሽ ትንሽ ደብቀው ይሆን እንደሆነ አላውቅም፤ እሷ ግን ሰው ስታታልል አላውቃትም፤ መንግሥትንም ቢሆን። ያ ዘር የት ደረሰ? የሥራ አስኪያጁ ሁለት የሚደልቡ በሬዎች በሉት። ከትምህርት ቤት ስመለስ በአጥሩ ቀዳዳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሬዎቹ ገንዳ ውስጥ አፍንጫቸውን ነክረው ሲያመነዥኩ፣ አክስቴ ዓይኗን ጨፍና የማን ማሳ እንደሆነ የምትለየው ዘር በከንፈራቸው ዳር ሲንጠባጠብ። የልጅ ነገር ሆኖ ያኔ የበሬዎቹ ማማር ነበር የገረመኝ።

አዲሱ ዘር በሚያዝያ መጀመሪያ ታደለ። የሚያብረቀርቅ ከረጢት ነው፤ ላዩ ላይ ነጭ ጥጥ የታቀፈ የሚስቅ ገበሬ አለ፤ የእኛን ሰው አይመስልም። ጽሑፉ ሁሉ እንግሊዝኛ። ሲከፈት ያ ሽታ ቤቱን ሞላው። ዘሩ ቀይ የተቀባ ነው፤ ፀጉር የሚባል የለውም፤ የከረሜላ ፍርፋሪ ይመስላል። ትልቁ ከረጢት ውስጥ ደግሞ ሌላ ትንሽ ነጭ ከረጢት አለች። እሷ ውስጥ ያለው ዘር አልተቀባም። ግራጫ፣ ፀጉራም፣ እኛ የምናውቀው ዓይነት የጥጥ ፍሬ።

ስለ ትንሿ ከረጢት ማንም ምንም አልተናገረም። ይሄን ደጋግሜ እላለሁ፤ ማንም ምንም አልተናገረም። አዳራሹ ውስጥ አልተነሣም፤ ሲታደልም አልተነሣም። የቀበሌያችን የግብርና ሠራተኛ፣ ታሪኩ የሚባለው፣ ስም እየጠራ ሲሰጥ ነበር፤ ወጣት ነው፤ ዲፕሎማ አለው፤ እንግሊዝኛው ይነበብለታል። አላነበበውም። ገበያ የኖረ ሰው ደግሞ ትልቅ ዕቃ ገዝቶ ከላዩ ትንሽ ነገር ሲጨመርለት ምን እንደሚባል ያውቃል።

«ቢያንስ ምራቂ መጨመር ያውቃሉ» አለች የማርቆስ እናት፣ ከረጢቷን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ።

ለሁሉም ምራቂ ሆነች። ለምራቂ ደግሞ የተለየ ማሳ አይታረስለትም። በማግስቱ የማርቆስ እናት ቤታችን መጣችና ከረጢቷን አክስቴ ጉልበት ላይ አስቀመጠች። «ያንቺ ቅል ባዶ ሆኗል» አለች። «ይሄ ዘር ዘር ይመስላል። አንቺ ያዢልን።» ሌሎቹም ሰሙ። በደብተር ቦርሳዬ ከቤት ቤት እየዞርኩ የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። አክስቴ አንዱን ፍሬ በጥርሷ ሰነጠቀችና ውስጡን አየችው፤ አሸተተችው፤ ዓይኗ በራ።

«ቀዩ የእነሱ ነው፤ እነሱ ይወቁበት» አለች። «ይሄ የኛ ነው። ለከርሞ ሁሉም ከዚህ ይወስዳል።»

ከቤቱ ጀርባ፣ ከእንሰቱ ወዲህ ባለው ቁራጭ መሬት ላይ፣ እንደ ልማዷ በአመድና በአዛባ አሽታ ዘራችው። ቀዩን ደግሞ በተባለችው ርቀት፣ በተባለችው ገመድ ለክታ በትልቁ ማሳ ዘራች። እሑድ ጸሎት ቤት ስለ አዲሱ ዘር ተጸለየ። እሷ ለሁለቱም ጸለየች፤ አጠገቧ ስለነበርኩ ሰምቻለሁ።

ሥራዬ ትል መልቀም ነበር። ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ይዤ ከእንሰቱ ወዲህ ያለችውን ማሳ እፈትሻለሁ። ቋጠሮው ላይ ቀዳዳ ካየሁ በእሾህ አወጣዋለሁ። ትሉ ይጠቀለላል፤ ቆርቆሮው ውስጥ ኮሽ ኮሽ ይላል። ዶሮዎቹ ድምፁን ለይተው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር። ትልቁ ማሳ ላይ ትል አልነበረም፤ እውነት ነው። ባለሙያው ስለ ትሉ አልዋሸም። ሰኔ ላይ ቀዩ ዘር አድጎ ወገቤ ደረሰ፤ ቅጠሉ ሰፊ፣ አረንጓዴው ጥቁር የሚል። ሰርቶ ማሳያ ነው ተብሎ ሰዎች ከበዴሳ ድረስ መጥተው ፎቶ አነሱ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ትልቁ ማሳ ሲያብረቀርቅ አየሁ። ጤዛ አይደለም። ቀርቤ ቅጠሉን ስነካው ጣቴ ተጣበቀ። ላስኩት፤ ጣፈጠኝ። እየሮጥኩ ገብቼ፣ «ጥጡ ማር አወጣ!» አልኩ። ለጸሎታችን መልስ መስሎኝ ነበር። ቅጠሎቹን እየቀጠፍኩ ስልስ አክስቴ ደረሰች፤ እጄን በጥፊ መታችኝ፤ አፌን እስኪቆስል በውኃ አጠበችኝ። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጣ አሳየችኝ። ከሥሩ ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት እንደ ጤፍ ተነስንሰዋል። ክሽክሽ ነው። የቅጠሉን ውኃ ይመጥጣል፤ ያ ማር ያልኩት ኩሱ ነው።

ዘሩ ትልን እንጂ ክሽክሽን አይገድልም። ይሄንንም የነገረን የለም። ሰው ወደ ታሪኩ ሄደ። ታሪኩ ወደ ወረዳ ጻፈ። መልሱ፣ ይህ ዘር መርጨት ስለማያስፈልገው መድኃኒት አልተመደበም የሚል ነበር። ታሪኩ ይሄን ሲናገር መሬት መሬት ያያል። ማሩ ላይ ጥላሸት የመሰለ ሻጋታ በቀለ፤ ጥጡ ጠቆረ። ትንሽ ያላቸው ፍየላቸውን ሸጠው ከነጋዴ መድኃኒት ገዝተው መጥረጊያ እየነከሩ ረጩ፤ የማርቆስ አባት ሲረጭ ውሎ ሁለት ቀን ዓይኑ አላይ አለው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ዝናቡ ቆመ። ቅጠሉ ከዳር ወደ መሃል እየቀላ ደረቀ። የኛው አሮጌ ጥጥ እንዲህ ባለው ዓመት ያጥርና ይታገሥ ነበር ይሉ ነበር ትልልቆቹ። ያ የወገቤ ቁመት የነበረ ማሳ ግን ትንንሽ ደረቅ ቋጠሮ ይዞ ቆሞ ቀረ።

ከሁሉ የባሰው ለእኛ ቤት ሌላ ነው። የተገኘችውም ጥጥ ከነፍሬዋ ለመረከቢያ ጣቢያ እንጂ ለማንም እንዳትሰጥ ታዝዟል። ሴቶቹ የሚዳምጡት፣ የሚፈትሉት አጡ። ጥቅምት ላይ ሸማኔው በደጃችን አልፎ፣ «ዘነበች፣ ልቃቂት የለም?» አለ። አክስቴ የለም አለች። በዚያ ወራት ቤት ውስጥ እጇን አጣምራ ስትቀመጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየኋት። ምን እንደምታደርግበት የማታውቀው ዕቃ አስመስላ እጇን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠው ነበር።

ነገር ግን ከእንሰቱ ወዲህ ያለችው ማሳ ፈነዳች። ብዙ አይደለም፤ ግን ነጭ፣ ንጹሕ። ሴቶቹ በየተራ እየመጡ አይተዋት ይሄዳሉ። «ለከርሞ አለን» ይላሉ። አክስቴ በዚያን ሰሞን እንደገና መንግሥት መሰለችኝ።

ኅዳር ላይ ሦስት መኪና መጣ። የወረዳም የዞንም ሰዎች አሉበት፤ ያ ነጭ ሸሚዙም አለበት። ትልቁን ማሳ ዞሩ፤ ፊታቸው ጠቆረ። ከዚያ አንዱ ሽንት ሊሸና ወደ እንሰቱ ሄደና ጮኸ። ሁሉም ተሰበሰቡ። ባለሙያው አንድ ቋጠሮ ቀጠፈ፤ ታሪኩን በእንግሊዝኛ ጠየቀው። ሥራ አስኪያጁ አክስቴን ጠራት። ትንሿ ከረጢት የት እንደደረሰች ሲጠይቃት ደስ ብሏት መለሰች፤ የሁሉም እኔ ዘንድ ናት፤ ይኸው አንድም ሳትጠፋ፤ አለችው። ሰዎቹ ተያዩ። ይሄን መተያየት ትልቅ ሰው ሆኜ ስንት መሥሪያ ቤት አይቼዋለሁ። ጥፋቱን የሚያሸክሙት ሰው ያገኙ ሰዎች አተያይ ነው።

ያቺ ከረጢት በማሳው ዙሪያ እንድትዘራ ነበር። ትሉ ከዓመት ዓመት የቀዩን ዘር መርዝ እንዳይለምድ፣ የሚበላው ተራ ጥጥ እንዲኖር። ይሄን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከክሽክሹ ጋር ግንኙነት የላትም። ከዝናቡ ጋር ግንኙነት የላትም። ያን ዓመት ማሳውን የገደለው ትል አይደለም፤ ትልማ አልነበረም! የግብርና ትምህርት የተማሩት ሁሉ ይሄን ያውቁ ነበር። እኔ በአሥር ዓመቴ ባላውቅ፣ አክስቴ ፊደል ባትቆጥር ምን ይገርማል?

በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤት ግቢ ተጠራን። ሥራ አስኪያጁ ወረቀት አዘጋጅቷል። እንግዶቹ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ ሰፈሩ መሬት ላይ። «ሳይነበብላት ፈረመች እንዳይባል» አለ፤ «ልጅቷ ታንብብላት። ጎበዝ አንባቢ ናት አሉ።»

ልቤ በደስታ ሊወጣ ነበር። ቀሚሴን አራገፍኩ፤ ወረቀቱን በሁለት እጄ ያዝኩ፤ እንደ ምንባብ ሰዓት ድምፄን ከፍ አድርጌ ወረድኩት።

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው አርሶ አደር፣ ለማሳ ዙሪያ የተሰጠውን መደበኛ ዘር ከአጎራባች አርሶ አደሮች በመሰብሰብ ከቴክኒክ ምክር ውጭ የዘራሁ መሆኔን፣ በዚህም ሳቢያ በሰርቶ ማሳያው ለደረሰው የምርት መጓደል ኃላፊነቱን የምወስድ መሆኔን፣ የዘራሁትንም ሰብል ለማስረከብ መስማማቴን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።»

አንዴ እንኳ አልተደናቀፍኩም። ከእንግዶቹ አንዱ አንገቱን ነቀነቀልኝ።

አክስቴ የገበያ አማርኛ ነው የምታውቀው። ጎንበስ ብላ በወላይትኛ፣ «ምን ይላል?» አለችኝ።

ምን ይላል? አርሶ አደር አውቃለሁ። ዘር አውቃለሁ። መሰብሰብ፣ መዝራት፣ ምርት፣ መስማማት አውቃለሁ። መሃል መሃሉን አላውቅም። አላውቅም ለማለት ደግሞ ያን ሁሉ ሰው ፊት፣ አንገት ከተነቀነቀልኝ በኋላ፣ አፈርኩ። የማውቃቸውን ቃላት ቀጠልኳቸው።

«ዘነበች የጎረቤቶቿን ዘር ሰብስባ ዘራች፤ ስለ ምርቱ እሷ ናት፤ ተስማምተናል ይላል» አልኳት።

አክስቴ ፊቷ ሲፈካ ዛሬም ይታየኛል። ዕድሜዋን በሙሉ የሠራችው ሥራ ወረቀት ላይ መጻፉ ነበር የመሰላት። አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገችና ቀለሙ ላይ ተጫነችው፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጠበቅ አድርጋ አተመችው፤ እንዳይደበዝዝ።

ሥራ አስኪያጁ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። ያልኳትን ሰምቷል። ወላይትኛ አፉን የፈታበት ቋንቋ ነው፤ እናቱ በወላይትኛ እሹሩሩ ብላ ያሳደገችው ሰው ነው። «አይደለም» የሚል አንድ ቃል በቂ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወሰደና አጠፈው።

በማግስቱ ጋሪ መጣ። ከእንሰቱ ወዲህ ያለችውን ጥጥ ለቅመው ጨርሰው ግንዱን ነቀሉት። አክስቴ፣ «ምነው፣ ተስማምተናል አይደል?» እያለች ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች። ሥራ አስኪያጁ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፈርመሻል!» አላት። እናቱን በምታህል ሴት ላይ። ለከሰረው ሰፈር መንግሥት አስቦት የነበረው ማካካሻም ቀረ፤ ጥፋቱ የአርሶ አደሩ ነው ተብሎ ተጽፏላ።

ሊመሽ ሲል ታሪኩ መጣ። ተቀመጥ ስትለው አልተቀመጠም። «እማማ ዘነበች፣» አለ፤ ወረቀቱን ቃል በቃል በወላይትኛ ነገራት። ሲጨርስ ይቅርታ አለ። እኔ በሩ ጥግ ተጣብቄ እንድትመታኝ ጠበቅኋት። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አለችኝ በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ታሪኩ ዞረች። «አንተ ግን የከረጢቱን ጽሑፍ ያኔ ማንበብ ትችል ነበር።»

ታሪኩ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። በማርቆስ እናት አልፈርድም፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ በደጃችን ስታልፍ በሩቁ «ሳሮ» ብላ ሰላምታ ብቻ ሰጥታ ታልፋለች። ልጇ ያን ዓመት ትምህርት አቋርጧል።

ሚያዝያ ደረሰ። ነጠላዋን ዘርግታ የመጣ አንድም ሴት አልነበረም። የሚሰጥም ዘር አልነበረም። አክስቴ አንድ ጠዋት ፊቷን ታጥባ፣ ጫማዋን አድርጋ፣ እጄን ይዛኝ ወደ ቀበሌ ሄደች። ሰልፉ ረጅም ነው፤ ያው ቀይ ዘር ነው የሚታደለው፤ ሌላ የለማ። ፀሐዩ አናታችንን ሲበሳው ቆየን። ተራዋ ሲደርስ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጸሐፊ ተቀምጧል፤ ከከተማ የመጣ፣ ቸኩሎ የሚጽፍ ልጅ። ስሟን ጠየቀ። ዕድሜዋን ጠየቀ። የማሳዋን ስፋት ጠየቀ።

«ጥጥ የማምረት ልምድ አለዎት?»

አክስቴ አየችው። ጥያቄው ሳይገባት ቀርቶ አይደለም። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተወችው። ጸሐፊው ትንሽ ጠበቀና ቅጹ ላይ «የለም» ብሎ ጻፈ።

አነበብኩት። ጮኽኩ።

«ውሸት ነው! አላት! ሁሉም ዘር ከእሷ ነው!»

በሕይወቴ ከመጽሐፍ ያላነበብኩት፣ ከራሴ አፍ የወጣ የመጀመሪያው አማርኛ ያ ነው። ጸሐፊው ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ።

«ይቺ ልጅ አማርኛ ጎበዝ ናት» አለ፤ የቀለሙን ሳጥን ወደ አክስቴ አውራ ጣት እያስጠጋ።